ግራንት ቢሮው ውል እስኪፈረም አንደኛ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን...

ሰው ስለ ክትፎ ቤት ሪቪው ይፅፋል እኔ ደሞ ዛሬ ስለ ቢሮ ልፅፍ ነው። መሀል አዲስ አበባ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፣ ስሙን አልጠራም እንጀራዬ ነው፣ ሰፈሩንም አልናገርም፣ ኮሪደር ልማቱ መንገዱን አሳምሮልን ሻይ ምንጠጣባቸውን ደሳሳ ቤቶች ግን ይዞብን የሄደበት አካባቢ ነው በሉ። በ3 አመት ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ግራንት ቢሮ (ከውጪ ለሚመጣ የምርምር ብር ማመልከቻና ውል ሚያይልን ቢሮ) በኩል 2 ፕሮፖዛል አስገብቼ አንዱ ወድቆ አንዱ አልፎልኛል፣ ስለዚ ማስገባቱንም ብሩን ማስተዳደሩንም ቀምሼዋለሁ። አዲስ ለሚገቡ ሌክቸረሮች ይጠቅም ይሆናል።

ቢሮው 3ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ሲሰራ አይቻለሁ ሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁለት ክፍል፣ አምስት ሰራተኛ፣ አንድ ፕሪንተር። እንደሌላው ቢሮ ማህተም አስመትቼ ምወጣበት መስሎኝ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ምንላቸው ሰውዬ አሉ፣ በጀት ሚያዩት እሳቸው ናቸው፣ ኤክሴሉን በኢሜይል ስልክላቸው "አትመሽ አምጪው" አሉኝ። አትሜ ወሰድኩ። ማስመሪያ ከመሳቢያ አወጡና በየመስመሩ እያስኬዱ በእርሳስ ምልክት ያረጉ ጀመር፣ ኦቨርሄድ (ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር ወጪው ሚወስደው ድርሻ) ሚለው ጋ ሲደርሱ ማስመሪያው ቆመ። 15% ብዬ ነበር የሞላሁት፣ ከጓደኛዬ ፕሮፖዛል ላይ ገልብጬ። "ይሄን ማን ነው ያስተማረሽ?" ማስገባው ለኤንአይኤች ነበር፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ማለት ነው፣ ለካ እነሱ ከአሜሪካ ውጪ ላለ ተቋም 8% ብቻ ነው ሚፈቅዱት። የአውሮፓ ህብረቱ የምርምር ፕሮግራም ሆራይዘን ዩሮፕ ደሞ 25% ይሰጣል። ሁሉም ፈንደር (ብር ሰጪ) የራሱ ህግ አለው፣ ጋሼ ህጎቹን እንደ ዳዊት በቃላቸው ነው ሚያወጧቸው።

"ዴድላይኑስ?" አሉኝ። ጁን 5፣ በኛ ግንቦት 28፣ 5 ፒኤም። እኔ የአሜሪካ ሰዓት መስሎኝ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጊዜ አለኝ ብዬ ተዝናንቻለሁ። "በማን ሰዓት?" አሉ መነፅራቸውን ዝቅ አርገው። ኤንአይኤች ሚቆጥረው አመልካቹ ተቋም ባለበት ሀገር ሰዓት ነው፣ ስለዚ 5 ፒኤም ማለት የአዲስ አበባ 11 ሰዓት ነው፣ ሰራተኛው ሰርቪስ ሊሳፈር ቦርሳውን ሚያነሳበት ሰዓት። ደሞ ሰብሚት ሚያረገው ፒአይው (ዋና ተመራማሪው) አይደለም፣ በዩኒቨርሲቲው ስም የተመዘገበው ኃላፊ ነው፣ እሱ ስብሰባ ከገባ አለቀልሽ። ስለዚ 2 ቀን ቀድመን አስገባን። (ያኛው ወደቀ፣ እሱ የነሱ ጥፋት አይደለም፣ ሪቪወሮቹ ሳምፕል ሳይዜ (የናሙናዬ ብዛት) አልጣማቸውም።)

ሌላ የያዙልኝ ነገር ደሞ አለ፣ እስካሁን ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል። ከአንድ መስሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አፅፌ መጣሁ፣ ማህተሙም ፊርማውም ደህና፣ ቀኑ 18/09/2015 ይላል። ግንቦት 18 መሆኑ ነው በኛ። ቢሮው ውስጥ ያለችው ወጣቷ አካውንታንት አየችውና "ዶክተር ይሄን እኮ ፈረንጁ ሴፕቴምበር 18 2015 ብሎ ነው ሚያነበው፣ የ8 አመት ደብዳቤ ላከችልን ይላል" አለችኝ። እውነቷን ነው! ተመልሼ ቀኑን ወደ "እ.ኤ.አ." ቀይሩልኝ ስል እዛ ያሉት ሰዎች ፊት ላይ ያየሁትን ብታዩ፣ ደብዳቤ ለማፃፍ ሳምንት የደከምኩበት ቦታ ነው።

ምዝገባ ምናምን ላይም ጎበዞች ናቸው። ለአሜሪካ መንግስት ግራንት ዩኒቨርሲቲው ሳም በሚባለው ሲስተም መመዝገብ አለበት፣ በየአመቱ ይታደሳል፣ ከተቃጠለ ፕሮፖዛልሽ ምንም ያህል ቢያምር አይገባም። ድሮ ደንስ ይባል የነበረው የተቋም መለያ ቁጥር በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2022 ቀርቶ ዩኢአይ በሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ተተክቷል፣ ግድግዳቸው ላይ ትልቅ አርገው ለጥፈውታል ከመታደሻ ቀኑ ጋር።

አሁን ወደ ምሬቱ።

ሁለተኛው ፕሮፖዛሌ አለፈ። አውሮፓ ባለ አጋር ዩኒቨርሲቲ በኩል በሰብአዋርድ (ዋናው ተቀባይ ከብሩ ቆርሶ ለአጋሩ ሚሰጠው) የመጣ ነው፣ የመጀመሪያው ክፍያ የገባው ሰኔ 2016 ላይ። ሰኔ ምን እንደሆነ መንግስት መስሪያ ቤት የሰራ ያውቃል፣ ሰኔ 30 ሂሳብ ይዘጋል ተብሎ ሁሉም ሰው አይኑ ይቀላል። የግራንት ብር ግን የመንግስት በጀት አይደለም፣ የኔ ውል ሚቆጥረው በፈረንጅ አመት ነው፣ ሐምሌ 1 ሚባል ነገር አያውቅም። ይሄን አስረድቼ ዶላሩ እንዳለ ይቆይልኝ ምገዛው እቃ የውጪ ነው ብዬ ደብዳቤ ፃፍኩ፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው፣ ከዛ ግራንት ቢሮው "የፋይናንስ ጉዳይ ነው" ፋይናንስ "ግራንት ቢሮው ይወስን" ሲባባሉ እኔ በዛ በተበላሸ ሊፍት ምክንያት ደረጃ ስወጣ ስወርድ፣ ለካ ሂሳቡ ሳይዘጋ ተብሎ በ57 ብር ሂሳብ ተመንዝሮልኛል። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ሳምንታት ሳይቆይ ዶላር ከ100 ብር አለፈ።

ለደም ናሙና ማይነስ 80 ዲግሪ ፍሪዘር ነበር ምገዛው። ሰኔ ላይ የያዝኩት ፕሮፎርማ 600 ሺህ ብር ትንሽ ፈሪ ነው፣ መስከረም ላይ ያው እቃ ያው ሞዴል 1 ሚሊዮን ከ100 ሺህ። ግዢ ክፍል ደሞ 3 ፕሮፎርማ ይላል፣ አስመጪዎቹ ያኔ ግርጌ ላይ "ለ3 ቀን ብቻ የሚያገለግል" ብለው ነው ሚሰጡሽ፣ የኛ ግዢ ኮሚቴ ለመሰብሰብ ብቻ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ሶስት ዙር ሰበሰብኩ፣ የታክሲውን ከኪሴ።

ምንዛሪው እንደሚለቀቅ ቢሮው ቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፣ እሱን አልፈርድም። ምፈርደው ውል ከተፈረመ በኋላ የኔ ፋይል ባለቤት ማን እንደሆነ ሚናገር ሰው በማጣቴ ነው። እስኪገባ ድረስ ጋሼ አሉ፣ በስልክ ራሱ "አንቺ ልጅ ባጀት ጀስቲፊኬሽንሽን ላኪ" ብለው ይቆጣሉ። ብሩ ከገባ በኋላ ውሉ ግራንት ቢሮ፣ ሂሳቡ ፋይናንስ፣ ግዢው ሌላ ህንፃ፣ ሁሉም ግማሽ ግማሹን ነው ሚያውቀው። ሪፖርት ሲደርስ ፈንደሩ ሚጠይቀው እኔን ነው።

ለሃቁ ስል ግን ይቺን ልናገር። ዳታ ኮሌክተሮቼ መኪና ማይገባበት ቀበሌ በቅሎ ተከራይተው ነበር የሄዱት፣ ፋይናንስ ደረሰኝ አምጪ አለኝ። የበቅሎ ደረሰኝ! ያቺ ወጣት አካውንታንት ቁጭ ብላ አንድ ገፅ ፎርም ሰራችልኝ፣ የባለበቅሎው ስም፣ የቀን ሂሳብ፣ የጣት አሻራ፣ የቀበሌ ማህተም። የውጪ ኦዲተሩ ሲመጣ ገልበጥ ገልበጥ አርጎ አየውና አለፈው። አሁን ፎርሙን ሌሎች ክፍሎችም እየተጠቀሙበት ነው፣ እሷን ግን እስካሁን እድገት አልሰጧትም።

አምና ሚያዝያ 2017 ላይ ኤንአይኤች ለውጪ ተቋም ሚሄድ ሰብአዋርድ በድሮው መንገድ አልሰጥም ሲል ቢሮው በዛው ሳምንት ሰብስቦን ነበር፣ ማን ምን ውል እንዳለው አንድ በአንድ ጠየቁን። ጥሩ ነበር። ብቻ ዝርዝሩን ከኛ ነው የለቀሙት፣ ዝርዝር ራሳቸው ጋ መኖር ነበረበት።

ለማስገባቱ ከ5 ኮከብ 5፣ ለማስተዳደሩ 2። ምትሄዱ ሰዎች ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ሂዱ፣ 3 ፎቅ ከመውጣታችሁ በፊት ጋሼ መኖራቸውን ደውላችሁ አረጋግጡ፣ በጀታችሁን አትማችሁ ያዙ፣ የውጪ ምንዛሪ ክፍያችሁ በሰኔ እንዳይገባ ከአጋራችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፍሪዘሩ በመጨረሻ ተገዝቷል፣ አነስ ያለ ሞዴል። አሁን ላብራቶሪው በር ላይ ከነካርቶኑ ቆሟል፣ የራሱ የመብራት መስመር ይፈልጋል ተብሎ ለጥገና ክፍል ደብዳቤ ፅፌ ቁጥር እስኪሰጠው እየጠበኩ ነው።