«ሙሉ ሴት ነው» ተብሎ ስለሚሸጥ የኮርስ ብስክሌት ዕቃ ለጅማ ብስክሌተኞች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በጅማ ከተማ የኮርስ ብስክሌት ራሳችሁ ለመገጣጠም የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቴሌግራምና በመርካቶ ዙሪያ በደላላ በኩል «ሙሉ ሴት፣ ኦሪጅናል፣ ባለ 11» (ማለትም የተሟላ ስብስብ፣ ከኋላ 11 የማርሽ ጥርስ ያለው) እየተባለ የሚቀርብላችሁን ያገለገለ የፍሬንና የማርሽ ዕቃ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ገልብጣችሁ ጀርባውን እንድታነቡ አሳስባችኋለሁ። እኔ ሳላነብ ከፍዬ ገንዘቤን ብቻ ሳይሆን ጥርሴንም ለማጣት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

አጎቴ የተዉልኝ አሮጌ የብረት ፍሬም ነበረኝ። ጎማና ቸርኬውን ቀደም ብዬ ከአዲስ አበባ ስላስመጣሁ የቀረኝ ፍሬኑ፣ ማርሹ፣ ክራንኩ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) እና ሰንሰለቱ ብቻ ነበር። ባለፈው የካቲት ያገናኙኝ ሻጭ አንደበተ ርቱዕ ወጣት ሲሆን፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ የሺማኖ 105 ነው፤ ሁሉም ከአንድ ብስክሌት ላይ የወረደ ነው፤ ለእርስዎ የቀረዎት መግጠም ብቻ ነው» ብሎ አረጋገጠልኝ። ሺማኖ የጃፓን የብስክሌት ዕቃ አምራች ነው። ዋጋው ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር። ግማሹን ዕቃውን ሳላይ ቀብድ ብዬ በቴሌብር ላክሁ፤ ቀሪውን ደግሞ ዕቃውን ባሳየኝ ዕለት ከፈልሁ። ያሳየኝም በሌላ ብስክሌት ላይ ገጥሞት፣ ብስክሌቱን ገልብጦ በመቀመጫው አቁሞ፣ ፔዳሉን በእጁ እያሽከረከረ ነበር። መሪው ላይ ያለውን የማርሽና የፍሬን እጀታ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ሲያደርገው ሰንሰለቱ ታዝዞ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ መልሶ ሲያወርደውም ወረደ። ሦስተኛውን ለምን አላሳየኸኝም ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዕቃውን ከልጅነቴ ጀምሮ ብስክሌት ወደሚጠግኑልኝ አዛውንት ወሰድሁት። ገጥመው ማርሹን ለማስተካከል ግማሽ ቀን ደከሙ። አንደኛው ጥርስ ላይ ሲስተካከል አራተኛው ላይ ይንኳኳል፤ አራተኛው ሲስተካከል ሰባተኛው ይዘላል። በመጨረሻ ካምቢዮውን (ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን የኋላ ዕቃ) ፈትተው፣ በጀርባው የተጋገረውን ግራሶ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉና «ስማ ልጄ፣ የእነዚህ የሁለቱ ስም አንድ ነው፤ አባታቸው ግን ለየቅል ነው» አሉኝ። እጀታው ላይ የታተመው ቁጥር 5800፣ ካምቢዮው ላይ የታተመው ደግሞ 5700 ነበር። ፊት ለፊታቸው ላይ ግን ሁለቱም «105» ይላሉ።

የማጭበርበሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። 105 የአንድ ዕቃ ስም ሳይሆን ሺማኖ በየጥቂት ዓመቱ እያደሰ የሚያወጣው የአንድ ደረጃ መጠሪያ ነው። 5700 ባለ 10 ማርሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 5800 እና በ2018 የተከተለው 7000 ባለ 11 ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው 7100 ደግሞ ባለ 12 ነው። ስለዚህ «105 ነው» የሚል ሻጭ ያልዋሸ ሊሆን ይችላል፤ የነገራችሁ ግን የልጁን ስም ብቻ ነው። የአባቱ ስም በካምቢዮው ጀርባ፣ በእጀታው የውስጥ ጎንና በክራንኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በትንንሽ ቁጥር ታትሟል።

ቁጥሩ ሲለያይ ዕቃው የማይግባባበት ምክንያት ቀላል ነው። እጀታው አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል የተወሰነ ርዝመት ሽቦ ይስባል፤ ካምቢዮውም ያንን ስበት በራሱ መጠን አባዝቶ ሰንሰለቱን ወደ ጎን ያራምዳል። በባለ 10 የኮርስ ዕቃ ላይ እጀታው 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይስባል፣ ካምቢዮው በ1.7 ያባዛዋል፤ ውጤቱም በካሴቱ (በኋላ ጎማው ላይ በተደረደሩት የማርሽ ጥርሶች) መካከል ካለው ርቀት ጋር የሚገጥም ወደ 3.9 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ እርምጃ ነው። በባለ 11 ላይ ግን እጀታው 2.7 ገደማ ይስባል፣ ካምቢዮው የሚያባዛው በ1.4 ብቻ ነው። የእኔ «ሴት» የ11ን እጀታ ከ10 ካምቢዮና ከ10 ካሴት ጋር ያጋባ ስለነበር በእያንዳንዱ ቀጭታ ወደ 4.6 ሚሊ ሜትር ይራመዳል። በአንዱ ቀጭታ የሚተርፈው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ አይታይም፤ በሁለተኛውም በሽቦ ማጥበቂያ ይሸፈናል፤ በሦስተኛው ግን ትርፉ ተደማምሮ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ይህም ሰንሰለቱን በሁለት ጥርሶች መካከል ያንጠለጥለዋል። ሻጩ ሁለት ጊዜ ብቻ ቀጭ ያደረገው ይህን ስለሚያውቅ ይሁን በአጋጣሚ፣ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

በማርሽ ቁጥር መመሳሰልም እንዳትታለሉ እለምናችኋለሁ። የሺማኖ ሌላ ደረጃ የሆኑት ቲያግራ 4600 እና ቲያግራ 4700 ሁለቱም ባለ 10 ናቸው፤ ነገር ግን 4700 የሽቦ ስበቱን የወሰደው ከባለ 11ዎቹ ስለሆነ የአንዱ እጀታ ከሌላው ካምቢዮ ጋር አይሠራም። ባለ 10 የተራራ ብስክሌት ካምቢዮም ከባለ 10 የኮርስ እጀታ ጋር አይሄድም። በአንጻሩ ባለ 8 እና ባለ 9 የሺማኖ ዕቃዎች የኮርሱም ሆኑ የተራራው ካምቢዮ በአንድ መጠን ስለሚያባዙ፣ አንዱ ሲሰበር ሌላውን መተካት ይቻላል። እንደ እኔ አስተያየት ክረምቱ ረጅም በሆነበት፣ ቀይ ጭቃው ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ እንደ አሸዋ ወረቀት በሚፈጭበት በጅማ ለሚኖር ሰው ከ105 ዝቅ ያሉት የሺማኖ ደረጃዎች፣ ክላሪስ ወይም ሶራ፣ ከማይታወቅ 105 ይሻላሉ። ክላሪስ ባለ 8፣ ሶራ ባለ 9 ነው፤ ሰንሰለታቸው ወፈር ያለ፣ መለዋወጫቸውም በቀላሉ የሚገኝ ነው። ጥቂት ግራም ይከብዳሉ፤ ከጅሬን አቀበት ላይ የሚያስቀረኝ ግን የማርሹ ክብደት ሆኖ አያውቅም፣ የራሴ ሆድ እንጂ።

ካሴቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ባለ 11 የኮርስ ካሴት የሚገባበት የኋላ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ከባለ 8፣ 9 እና 10 ሞዞ በ1.85 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አሮጌ ሞዞ ያለው ሰው «ባለ 11» ሲገዛ ካሴቱ አልገባ ይለዋል፤ ያን ጊዜ ሻጩ ውለታ እንደሚውል ሰው ባለ 10 ካሴት ይቀይርለትና ነገሩ ይብስ ይበላሻል። በእኔ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

እስከዚህ ያለው የገንዘብና የብስጭት ጉዳይ ነው፤ ፍሬኑ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። የአጎቴ ፍሬም የተሠራው ለአሮጌው ባለ 27 ኢንች ጎማ ሲሆን፣ እኔ የገጠምሁት ዛሬ የተለመደውን 700 ነው። የ27ቱ ቸርኬ ጎማው የሚያርፍበት ዲያሜትር 630፣ የ700ው ደግሞ 622 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ቸርኬው ፍሬኑ ከሚታሰርበት ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ይርቃል። የተለመደው የኮርስ ፍሬን ክንድ ከቡሎኑ እስከ ፍሬን ጎማው ከ39 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በእኔ ፍሬም ላይ ስንለካው የሚያስፈልገው 55 ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ የፍሬኑን ክንድ ቀዳዳ በሞረድ ትንሽ ወደ ታች ማስፋት ነው» አለኝ። እባካችሁ፣ የፍሬን ክንድ በሞረድ የሚበላ ዕቃ አይደለም፤ በሙሉ ኃይላችሁ ስትጨብጡ ሸክሙን ሁሉ የሚይዘው ያው ቀጭን ጫፍ ነው።

እኔ አላስሞረድሁም፤ ከዚያ የማይሻል ስሕተት ግን ሠራሁ። አዛውንቱ «ይህ ይቅርብህ፣ ረጅም ክንድ ያለው ፈልግ» ቢሉኝም፣ ቸኩዬ በራሴ እጅ የፍሬን ጎማውን እስከ ቀዳዳው መጨረሻ አውርጄ፣ ትንሽ አዘንብዬ አሰርሁት። ግማሹ ቸርኬው ላይ፣ ግማሹ ጎማው ላይ ያርፍ ነበር። በማግስቱ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥቼ፣ በካፊያ ቁልቁለቱን ስወርድ መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ እባብ እንደሚያፏጭ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ የፊት ጎማዬ እንደ ጥይት ጮኸ። ራሴን ያገኘሁት በመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ነው። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ ባለ ባጃጅ ወርዶ «አይዞህ ወንድሜ፣ ተርፈሃል» እያለ አነሣኝ። ጎማውን ቤት ወስጄ ስመለከተው ጎኑ በአንድ ጣት ርዝመት ያህል፣ በምላጭ የተሰነጠቀ እስኪመስል ተበልቶ ነበር።

ስለዚህ ፍሬን ከመግዛታችሁ በፊት ጎማችሁን ግጠሙ፤ ፍሬኑ ከሚታሰርበት ቀዳዳ መሐል እስከ ቸርኬው የብረት ገጽ መሐል ያለውን በማስመሪያ ለኩ። ከ49 በላይ ከሆነ ከ47 እስከ 57 የሚደርስ ረጅም ክንድ ያለው ፍሬን አለና እርሱን ጠይቁ። እኔም አሁን የምነዳው በእርሱ ነው። ቸርኬያችሁንም በጣታችሁ ዳብሱት፤ ፍሬን የሚነካው ገጹ ጎድጎድ ብሎ ከታያችሁ ጭቃው በልቶታል ማለት ነው፤ እንዲያ ያለ ቸርኬ ላይ አዲስ ፍሬን መግጠም ትርጉም የለውም።

የተራራ ብስክሌታቸውን የኮርስ መሪ እየገጠሙ የሚለውጡ ወጣቶችንም በየመንገዱ አያለሁ። የኮርስ እጀታ የሚስበው ሽቦ አጭር ሲሆን ቪ ፍሬን (የተራራ ብስክሌቶች ረጅም ክንድ ያለው የቸርኬ ፍሬን) የሚፈልገው ግን ሁለት እጥፍ ያህሉን ነው። ሁለቱ ሲጋቡ ወይ እጀታው መሪውን እስኪነካ ተጨብጦ አይዝም፣ ወይም የፍሬን ጎማው ቸርኬውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶ መታሰር አለበት። በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ፍሬንም የኮርስና የተራራ ተብሎ ስለሚለይ ተመሳሳዩን ጥያቄ ጠይቁ።

ቅሬታዬን ይዤ ሻጩ ዘንድ ስመለስ «ለማካካሻ» ብሎ ያቀረበልኝ ነገር ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ጥቂት ገንዘብ ከጨመርሁ ክራንኩን «ከ105 በላይ በሆነው» በኡልቴግራ 6800 እንደሚቀይርልኝ ነገረኝ። ዕቃው በእርግጥ ያምራል፤ ያብረቀርቃልም። ነገር ግን ሺማኖ ራሱ በመስከረም 2016 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2019 አጋማሽ የተመረቱ የኡልቴግራ 6800 እና 8000፣ የዱራ ኤስ 9000 እና 9100 ክራንኮች እንዲመረመሩ ጥሪ አስተላልፏል። ክንዳቸው ውስጡ ክፍት ሆኖ ከሁለት ክፍል በማጣበቂያ የተሠራ ስለሆነ እየተላቀቀ መሰበር ጀምሮ ነበር፤ በአሜሪካ በወጣው ማስታወቂያ ላይ ብቻ ከ4,500 በላይ የመላቀቅ ሪፖርት ተጠቅሷል። 105 በዚህ ጥሪ ውስጥ አልነበረም። ክራንኩን ተቀብዬ በመስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ ሳየው በውስጠኛው ጎን ሁለቱ ክፍሎች በሚገናኙበት መስመር ላይ ጥፍሬ ገባ። መልሼ ሰጠሁት። እንዲህ ያለው ዕቃ በውጭ አገር ከገበያ ሲወጣ ወደ እኛ ገበያ በርካሽ ቢመጣ የሚገርም አይደለምና፣ «ደረጃው ከፍ ያለ ነው» የሚለው ቃል ብቻ አያማልላችሁ።

ስለ ክፍያውም ልንገራችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሱቅ ያለው ነጋዴ ደግሞ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። እኔ የገዛሁት ከሱቅ አልነበረም፤ ወረቀት አልተጻጻፍንም፤ «ሁሉም ከአንድ ብስክሌት የወረደ ነው» ያለበትን የቴሌግራም መልእክት ደግሞ ከሁለታችንም ስልክ ላይ አጠፋው። በእጄ የቀረው ገንዘብ የላክሁበት መልእክት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም መክፈሌን እንጂ ምን እንደገዛሁ አይናገርም። ሻጩ የሚጽፍላችሁን ወዲያው ፎቶ አንሡት፤ የየዕቃውን ቁጥር ዘርዝሮ የሚፈርምላችሁ ካልሆነም ቀብድ አትላኩ።

በሰፈር ሽማግሌዎች ልመና እጀታዎቹን፣ ካምቢዮውንና ካሴቱን ተቀብሎ ከከፈልሁት ሲሶውን መለሰልኝ። ባለፈው ሳምንት ያው ዕቃ፣ በያው ፎቶ፣ «ሙሉ ሴት 105፣ ባለ 11» ተብሎ እንደገና ለሽያጭ ወጥቷል። የቀኝ እጀታው ጎማ ከአውራ ጣት በታች ተቀዶ በቡናማ ኮላ ተጣብቋል፤ የግራው ጫፍም ተፍቆ ነጭ ብረቱ ይታያል። ሊገዛ አስቦ የሄደ አንድ ጓደኛዬ እንደነገረኝ አሁን በካምቢዮው ጀርባ፣ 5700 የሚለው ቁጥር በነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል። ልታዩት የምትሄዱ ካላችሁ ጨርቅና ጥቂት ቤንዚን ይዛችሁ ሂዱ።