ባለ ማጣሪያው የደም መስጫ ቱቦ፦ ወንፊቱ ታማኝ፣ ሮለሩ ከዳተኛ

ሲታይ ከተራው የግሉኮስ ቱቦ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የጠብታ ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንፊት ነው። ቀዳዳዎቹ ከ170 እስከ 200 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ስለሆኑ የረጋ ደም ያስቀራሉ። የደም ቱቦ አለቀ ተብሎ በተራው የግሉኮስ ቱቦ መስጠት ስለዚህ አያዋጣም።

ወንፊቱ በደንብ የሚሠራው ሙሉ በሙሉ ደም ውስጥ ሲጠልቅ ነው። ሮለሩን (ፍሰቱን የሚቆጣጠረውን ተሽከርካሪ መዝጊያ) ዘግቶ የደሙን ከረጢት መብሳት፣ የጠብታ ክፍሉን ጨመቅ ለቀቅ እያደረጉ ወንፊቱ እስኪሸፈን መሙላት፣ ከዚያ አየሩን ከቱቦው ማስወጣት። ግማሽ ላይ ከቆመ ደሙ በአንድ ጎን ብቻ ይወርድና ቶሎ ይደፈናል። ከረጢቱ የሚበሳው ተሰቅሎ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነው፤ ሹሉ ጫፍ ጎኑን ከቀደደው ያ ደም ተጣለ ማለት ነው።

የሚያማርረው ሮለሩ ነው። በሽተኛው ክንዱን ባጠፈ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚለወጥ ጠብታውን ደጋግሞ መቁጠር ግድ ይላል። ማሸጊያው ላይ 1 ሚሊ ሊትር 15 ጠብታ ነው ወይስ 20 የሚለውን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ሌላም በስሌት የሚዘለል ነገር አለ፦ የ450 ሚሊ ሊትር ሙሉ ደም ከረጢት 63 ሚሊ ሊትር ፀረ-መርጋት ፈሳሽ ስለሚጨመርበት በውስጡ ያለው 513 ገደማ ነው። በባለ 20 ጠብታው ቱቦ፣ ልቡ ጤነኛ ለሆነና ደም እየፈሰሰው ላልሆነ አዋቂ፣ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች በደቂቃ 20 ጠብታ፣ ከዚያ 60 ቢደረግ በ3 ሰዓት ገደማ ያልቃል። በሰከንድ አንድ ጠብታ ነው፣ ለዓይንም ይመቻል። ከፍሪጅ የወጣ ደም በ30 ደቂቃ ውስጥ ተጀምሮ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት።

በዚህ ቱቦ ከደሙ ጋር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) እንጂ ሌላ አይገባም። ሪንገር በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ካልሲየም ደሙን ሊያረጋው ይችላል፣ 5 በመቶ ዴክስትሮስ (የስኳር ፈሳሽ) ቀይ ሴሎቹን ያፈርሳል። ሳላይንና ደም አብሮ የሚይዘው ባለ ሁለት ሹሉ ቱቦ ለሥራ ይቀላል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። በሽተኛው ደሙ ሳይስማማው ቀርቶ ብርድ ብርድ ካለው ወይም ወገቡን ካመመው ደሙን ዘግቶ ሳላይኑን መክፈት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ደም ተገፍቶ ይገባል። ስለዚህ ቱቦው ከካኑላው (ደም ሥር ውስጥ ከገባችው ቀጭን ቱቦ) ይነቀላል፣ ሳላይኑ በአዲስ ቱቦ ይቀጥላል፣ ሐኪም ይጠራል፣ የበሽተኛው ስምና የካርድ ቁጥር ከከረጢቱ መለያ ጋር እንደገና ይመሳከራል፤ አሮጌው ቱቦ ከነከረጢቱ ወደ ደም ባንኩ ይመለሳል።