ቅዱስ ዮሴፍ የወንዶች ትምህርት ቤት በአንድ ወላጅ ዓይን

በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የሚተዳደረው የዴላሳል ወንድሞች በሚባል የካቶሊክ ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩን በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ የመሠረተው ዣን ባፕቲስት ዴ ላ ሳል (እ.ኤ.አ. 1651–1719) በ1950 እ.ኤ.አ. የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ የተሰየመ ካህን ነው። ወንድሞቹ ግን መሐላ የፈጸሙ ቢሆኑም ካህናት አይደሉም፤ ጥሪያቸው ማስተማር ነው፤ ተማሪዎቹም «ብራዘር» እያሉ ይጠሯቸዋል።

የዚህ ጥሪ ፍሬ ደብተር ላይ ይታያል። የልጄን የሒሳብ ደብተር ስገልጥ፣ መምህሩ በተሳሳተው መልስ ላይ ኤክስ ብቻ አድርገው አላለፉም፤ ስሌቱ የተበላሸበትን መስመር አስምረውበት ከጎኑ «ከዚህ ጀምረህ ድገመው» ብለው ጽፈዋል፤ ልጁም ደግሞ ሠርቶ ፊርማቸውን አግኝቷል። እኔ በተማርኩበት ዘመን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ብርቅ ነበር። ሃይማኖትን በተመለከተ፣ የኦርቶዶክስና የሙስሊም ልጆችም አብረው ስለሚማሩ የሚያሳስብ ነገር አላየሁም።

የማቅማማበት ጉዳይ የዚህ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የወንዶች ትምህርት ቤት ሁሉ ነው። ከሴት ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጦ ያልተከራከረ፣ በፈተናም ተበልጦ የማያውቅ ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይ ሊያፍር ወይ ሊንቅ ይችላል፤ ይህን ክፍተት የመሙላቱ ኃላፊነት ደግሞ የቤተሰብ ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስቱ ልጆች ጋር እንዲያጠና አድርገናል፤ ትልቋ በፊዚክስ ስለምትበልጠው፣ ያልገባውን ጥያቄ ይዞ የሚሄደው ወደ እርሷ ነው።