ለበረዶ የተሠራ ምርኩዝ በጮቄ ጭቃ፦ ከጥቅምት እስከ ሐምሌ

ዕቃው ጥንድ የአሉሚኒየም ምርኩዝ ነው። የተሠራው ለበረዶ መንሸራተቻ ነው፤ ያውም ከተደለደለው መስመር ወጥተው ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ ለሚወርዱ ሰዎች። ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለራሷ አዲስ ስትገዛ ይህንን በሰው እጅ ላከችልኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ስለ በረዶ መንሸራተት ከዚያ በፊት የማውቀው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩን ብቻ ነበር። የጮቄን ተራራ ግን መንገዱ በፈቀደ ጊዜ ሁሉ እወጣለሁ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራ ከሚባለው የደጋ ተክል በላይ ያለው ገደላገደል ደግሞ መንገድ የሚባል ነገር የለውም።

ጥንዱ አንድ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢመዝን ነው። ርዝመቱ ከ105 እስከ 145 ሴንቲ ሜትር ይስተካከላል። ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ክብ ፕላስቲክ ተሰክቶበታል። እኛ ቤት «ሳህኑ» ነው የምንለው። ለእግር መንገድ በሚሸጡት ምርኩዞች ላይ ይህ ሳህን ትንሽ ነው። የበረዶው ግን የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ያክላል፤ ምርኩዙ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ሰምጦ እንዳይቀር ነው።

ይህ ሳህን ነው ልቤን የወሰደው። በጥቅምትና በኅዳር ምንም አልታየኝም ነበር። መሬቱ ደርቋል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ፤ ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል በጣም ጠንካራ ነገር የተሠራው ጫፍ ድንጋዩን ቀጨም አድርጎ ይይዛል፤ አለቀ። እንዲያውም ሰፊው ሳህን ቁጥቋጦ ውስጥ እየገባ አስቸግሮኝ አውልቄው ነበር። ሰኔ ሲገባ መልሼ ሰካሁት። የጨሞጋና የሙጋ ወንዝ የሚነሳበትን ጨፌ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ከላይ አረንጓዴ ሣር ይመስላል፣ እግር ሲያርፍበት እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ተራ ዱላ እዚያ ላይ ሲደገፉት ክንድ ያህል ይሰምጣል፤ ለመንቀል ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ይህኛው ላይ ላዩን ይቆማል። ለኦስትሪያ በረዶ የታሰበ ነገር ለጎጃም ረግረግ እንዲህ ይስማማል ብሎ ማን ይገምታል!

ሁለተኛው ጥሩ ነገር መቆለፊያው ነው። እንደ ብስክሌት ኮርቻ ማጥበቂያ በአውራ ጣት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጠምዝዘው የሚያጠብቁት ዓይነትም አለ፤ እሱ በረጠበ እጅ ያስመርራል። ዳገት ላይ አሳጥረዋለሁ። ቁልቁለት ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስረዝመዋለሁ። ተዳፋቱን አግድም ስሻገር ደግሞ በላይ በኩል ያለው አጭር፣ በታች በኩል ያለው ረጅም ይሆናል። ጉልበቴ ለውጡን ያወቀው በተለይ ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ስልክ በደወልኩ ቁጥር ግን የአክስቴ ልጅ ስለ ምርኩዝ ማውራት አትፈልግም። «እሱ የመጨረሻው ነገር ነው» ትላለች። እነሱ ከመስመር ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት የዕለቱን የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ዕቃ ይይዛል፦ ከሰውነት ጋር የሚታሰር ምልክት ላኪ፣ በረዶውን ወግቶ የተቀበረ ሰው የሚፈልግ ረጅም ዘንግ እና አካፋ። ናዳ የቀበረውን ሰው በሕይወት ለማውጣት ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከታች እርዳታ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ አጠገብ ያለው ጓደኛ ነው የሚያወጣው። ብቻዋን ወጥታ አታውቅም። እኔም ከእሷ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ጮቄ ላይ የበረዶ ናዳ የለም። ጉም ግን አለ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የራስን እግር የማያሳይ ጉም። አሁን የአካባቢውን ሰው ሳልይዝ ከእግር መንገዱ አልወጣም።

ስለ እጅ ማሰሪያውም የነገረችኝ ነገር ጠቅሞኛል። ናዳ ሊነሳበት በሚችል ቦታ ላይ እጃቸውን ከማሰሪያው ያወጣሉ። ምርኩዙ በረዶው ውስጥ ተይዞ እጅን ይጎትታል፤ ፊትን ለመከላከልም እጅ አይገኝም። እኛ ጋ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ቁልቁል ሲወርዱ ጫፉ ሁለት ድንጋይ መሃል ቢነከስ፣ ሰውየው ሄዶ እጁ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ገደል ላይ ማሰሪያ የለም።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። ሁለቱን ምርኩዞች እኩል ርዝመት ላይ አድርጓቸው። የአንዱን ጫፍ ተዳፋቱ ላይ አስነክታችሁ ወደ ታችኛው በኩል አግድም ያዙት። ሌላውን ከአግድሙ መጨረሻ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ መሬት አንጠልጥሉት። ጫፉ መሬቱን ልክ ከነካ ተዳፋቱ 45 ዲግሪ ነው። መሬቱ የተንጠለጠለውን ወገቡ ላይ ካገኘው ወደ 27 ዲግሪ ይሆናል። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ስለሆነ እነሱ በዚህ መካከል ያለውን ይፈሩታል። እኔ የለካሁት የተልባ ማሳ ነበር። ከ27ቱ አለፍ ይላል፤ ገበሬው በበሬ ያርሰዋል።

ወደ ችግሮቹ ልምጣ። የመቆለፊያው ብሎን በየጊዜው ይላላል። ካልጠበቀ ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ሸርተት ይላል፣ ገደል ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ትንሽ ካቻቢቴ ከቦርሳዬ አይጠፋም። የመያዣው ስፖንጅ ላብና ዝናብ ጠጥቶ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሸታል። ጭቃ ደግሞ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። ቤት ስገባ ሦስቱንም ክፍል ነቅዬ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ ተበታትኖ እንዲያድር አደርገዋለሁ። እርጥቡን ገጣጥሞ ያስቀመጠ ሰው አሉሚኒየሙ ተጣብቆ ይጠብቀዋል። ዘይት መቀባት አይገባም፤ መቆለፊያው መያዝ ያቆማል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ያው የወደድኩት ሳህን ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ አንዱን ጭቃው ዋጠው። ምርኩዙን ስነቅል ባዶውን ወጣ። መለዋወጫ ከዚህ አይገኝም። ከተሰበረ ቢጫ ጀሪካን ጎን ላይ ክብ ቆረጥኩ፣ ምስማር አግዬ መሃሉን በሳሁ፣ ከላይና ከታች በከመነዳሪ ላስቲክ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። አያምርም፤ እስካሁን ግን አልወለቀም።

የወይራ ዱላ እያለ ይህ ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አንድ በግ የሚጠብቁ አባት ተቀብለውኝ አገላብጠው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ውሻ ያባርራል?»

«አይ አባቴ፣ ይጎብጣል።»

«ታዲያ ምኑን ዱላ ሆነ!»

እውነታቸውን ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎብጣል፤ ሲያቀኑት ደግሞ እዚያው ላይ ይደክማል። የካርቦኑ ይባስ፣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ለሜዳ መንገድ፣ ለገበያ፣ ለውሻ፣ የወይራ ዱላ ይበልጣል፤ በነጻም ይገኛል። ይህ ዕቃ ዋጋውን የሚያወጣው ቁልቁለትና ረግረግ ላይ ብቻ ነው።

ከመብረቅም አያድንም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ከሸንተረሩ ወርዳችሁ ምርኩዙን ከእጃችሁ አውጥታችሁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እኔ በክረምት ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ከቀትር በፊት ለመውረድ እሞክራለሁ።

ውጭ አገር ዘመድ ኖሯችሁ «ምን ላምጣልህ» ካላችሁ፣ አሉሚኒየም፣ በጣት የሚቆለፍ፣ ሁለት ዓይነት ሳህን ያለው በሉ። የሰፊው ሳህን ትርፍ ሁለት ፍሬ ይጨመርበት። ከኪስ የሚገባ ነገር ነው፣ ሻንጣ አያጣብብም።