ለከተማ እንግዳ የቱ ካርታ ይሻላል? ጉግል ማፕስ እና ኦርጋኒክ ማፕስ

አዲስ ከተማ ደስ የሚለው ማንም ሳያውቅዎት እንዳሻዎት መዞር ስለሚቻል ነው። ጣጣውም ከዚያው ይመጣል፤ ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ የሆነ ሰው መንገድ ሲጠፋበት የሚደውልለት ዘመድ የለውም። ያኔ የሚቀረው ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መተግበሪያዎች የምንመዝናቸው ዳታ ሲያልቅ ቤት ያደርሳሉ ወይ በሚለው ነው።

ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ጉግል ማፕስን የሚያህል የለም። የሱቅ መክፈቻና መዝጊያ ሰዓት፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ ከተማው መረጃውን ከሰጠ ደግሞ የአውቶቡስና የባቡር መስመር ሁሉ አለው። ስትሪት ቪው ባለበት ከተማ የሚሄዱበትን በር ከቤት ሳይወጡ በፎቶ ማየት ይቻላል። ፎቶው የተነሳበትን ዓመት ግን ሳያዩ አይለፉት፤ የቆየ ከሆነ ሕንፃው ፈርሶ ወይም ሱቁ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ዳታው ሲጠፋ ነገሩ ይለወጣል። ካርታውን አስቀድሞ ለማውረድ የመገለጫ ፎቶዎን ተጭነው «ኦፍላይን ማፕስ» ውስጥ ይግቡ፣ የራስዎን ካርታ ለመምረጥ የሚያስችለውን ይንኩ፣ የሚታየውን ሳጥን በጣትዎ ካስተካከሉ በኋላ ያውርዱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መሃል ከተማውን ብቻ ይከብና አውሮፕላን ማረፊያውን ወይም የአውቶቡስ መናኸሪያውን ከሳጥኑ ውጭ ይተወዋል፤ ካርታው በጣም የሚፈለገው ግን እዚያው ነው። የወረደው ካርታ ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል፤ በአንዳንድ አገሮችም ማውረድ ጭራሽ አይፈቀድም። ከሁሉ የከፋው ግን ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ ብቻ መምራቱ ነው። የእግር፣ የብስክሌትና የአውቶቡስ አቅጣጫ የለም። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እግረኛ ነው።

ኦርጋኒክ ማፕስ ይህን ክፍተት ይሞላል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የት እንደዋሉም አይከታተልም። የሚሠራበት መረጃ በ2004 የተጀመረው፣ ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ነፃ የዓለም ካርታ ነው። ክልሉን አንድ ጊዜ ካወረዱ በኋላ ፍለጋውም የእግር መንገዱም ያለ ዳታ ይሠራል። መኪና የማያስገቡ ቅያሶች፣ ደረጃዎችና የውሃ ቧንቧዎች ሳይቀሩ የተመዘገቡበት ቦታ ብዙ ነው። ካርታውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ግን ጥራቱ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ትጉህ ሰው ያለበት ሰፈር ዛፉ ሳይቀር ይታያል፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነጭ ይሆናል። የመንገድ መጨናነቅ አያሳይም። ፍለጋውም ችኮ ነው፤ የሱቁን ስም ሲጽፉ ካላገኘው በመንገዱ ስም ወይም በዓይነቱ፣ ለምሳሌ «ፋርማሲ» ብለው ይሞክሩ።

ሁለቱም የሚጋሩት ችግር ፒኑ፣ ማለትም ካርታው ላይ የሚሄዱበትን ቦታ የሚያመለክተው ምልክት ነው። ፒን ብዙ ጊዜ የሚተከለው ሕንፃው መሃል ላይ እንጂ በሩ ላይ አይደለም። ትልቅ ግቢ ከሆነ ካርታው «ደርሰዋል» ብሎ ከኋላ አጥር ሥር ያቆምዎታል። ስለዚህ ሎኬሽን የሚልክልዎትን ሰው በሩ ላይ ቆሞ እንዲልክ ይንገሩት፤ የትኛው ፎቅ እንደሆነም ይጠይቁት፤ ፎቅን የትኛውም ፒን አይነግርዎትም። አድራሻ በሌለበት ሰፈር ፕላስ ኮድ ጥሩ ዘዴ ነው፤ 10 ሆሄያትና ቁጥሮች ያሉት ሙሉ ኮድ 14 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ የሆነች ቦታ ያመለክታል።

አሁን እርስዎ ያሉበትን ቦታ ወደሚያሳየው ሰማያዊ ነጥብ። ከነጥቡ ዙሪያ ያለው ክብ ሰፈሩን ሁሉ የሚሸፍን ከሆነ፣ ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ከፈቃድ ነው፤ በስልኩ ሴቲንግ ለመተግበሪያው «ፕሪሳይስ ሎኬሽን» (ትክክለኛ ቦታ) አልበራለትም። ጂፒኤስ ራሱ ዳታ አይፈልግም። ዳታ ሲኖር ግን ስልኩ የሳተላይቶቹን መረጃ ከኢንተርኔት ስለሚወስድ ቶሎ ያገኝዎታል፤ ከሌለ በየ30 ሰከንዱ የሚደገመውን መልእክት ከሳተላይቱ ራሱ መቀበል አለበት። በመሃል ሕንፃ ከጋረደው እንደገና ይጠብቃል። ስለዚህ ነጥቡ ከዘገየ ስልኩን ከመውቀስ በፊት ገላጣ ቦታ ወጥተው አንድ ሁለት ደቂቃ ቆም ይበሉ። በረጃጅም ፎቆች መሃል ምልክቱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ነጥቡ ወደ ማዶው መንገድ ይዘላል።

የሚዞሩበትን አቅጣጫ የሚያሳየውን ጨረር ደግሞ ጭራሽ አይመኑት። ኮምፓሱ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ሲኖር ወይም መኪና አጠገብ ሲሆን ይዛባል። ሃያ እርምጃ ይሂዱና ነጥቡ ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ይዩ፤ አቅጣጫዎ እሱ ነው።

ሁለቱም መንገዱ ጨለማ ይሁን አይሁን አያውቁም፤ አጭሩን መንገድ ይሰጡዎታል እንጂ ሰው የሚበዛበትን አይመርጡልዎትም። ስልክን እጅ ላይ አንጠልጥሎ እየተንቀራፈፉ መሄድም ለሌባ «እንግዳ ነኝ» ማለት ነው። ከመውጣትዎ በፊት የሚታጠፉባቸውን ሦስት አራት ምልክቶች ይያዙ፤ ከዚያ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይግባ። መጠራጠር ከጀመሩ ሱቅ ውስጥ ገብተው ይመልከቱ።

ስልኩ ቦታ ካለው ሁለቱንም መጫን ነው። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ለእግረኛ ኦርጋኒክ ማፕስ፣ ለሚነዳ ጉግል ማፕስ። ባትሪ ሲያልቅ ሁለቱም ዝም ስለሚሉ ግን፣ የሚያርፉበትን አድራሻ በአገሬው ፊደል ወረቀት ላይ አስጽፈው ከስልኩ በተለየ ኪስ ይያዙ።