የኩሬዬን ግድብ የጠገኑልኝ አራት ሠራተኞች

ጅማ ቦሳ ቂጦ፣ ከቤቴ ጀርባ ተዳፋቱ ላይ ቆሮሶ ዓሣ የማረባበት ኩሬ አለኝ። ውሃውን የያዘው አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው የአፈር ግድብ ነው። መጀመሪያ የሠራልኝ ሰው በሦስት ቀን አፈር ከምሮ፣ ላዩን በእግሩ ረግጦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። አምና መስከረም ላይ በማፍሰሻ ቱቦው ሥር ውሃ ማዠት ጀመረ። ሲሚንቶ አስለጥፌበት ነበር፤ በጎን ዞሮ ወጣ። ኅዳር ሲገባ የዓሦቹ ጀርባ መታየት ጀመረና እንቅልፍ አጣሁ።

እነዚህን አራት ሰዎች ቦዬ በኩል ሌላ ኩሬ ሲሠሩ አይቼ ነው የጠራኋቸው። መሪያቸው ሸምገል ያሉ ናቸው። ዋጋ ሳይነሣ የሚያዠውን ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ፀሐይ ያዙት። «እትዬ፣ የጠራ ቢሆን ጊዜ ይሰጠን ነበር። ይኼ ደፍርሷል፤ አፈሩን ይዞ ነው የሚወጣው» አሉኝ።

ጥር ላይ ዓሦቹን ወደ በርሜል አዛውረን ውሃውን አፈሰስን። ከዚያ ቱቦው ባለበት ግድቡን እስከ ሥሩ ቆረጡት። በቱቦው ዙሪያ ክንዴ የሚገባበት ባዶ መንገድ ተከፍቷል! ግድቡም የተከመረው ሣሩ ሳይነሣ ነበር፤ የበሰበሰው ሥር በእጄ ተመዘዘ። ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ግማሽ ሜትር ቆፈሩና ቀዩን ሸክላማ አፈር ሞሉበት። እኔ ከታች ያለውን ጥቁር ዋልካ እናምጣ ብዬ ነበር። ጋሼ ግን በጋ ላይ ይሰነጠቃል ብለው እንቢ አሉ። ቀዩን አርጥበው በመዳፋቸው እንደ እርሳስ ጠቀለሉት፤ ሲታጠፍ አልተሰበረም።

የወደድኩላቸው ትዕግሥታቸውን ነው። አፈሩን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እያነጠፉ፣ በእንጨት መጠቅጠቂያ እየደቁ፣ ቀጣዩ እንዲጣበቅ ላዩን በዶማ እየጫሩ ሄዱ። ውሃው ቱቦውን ተከትሎ እንዳይሮጥም መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን የሲሚንቶ አንገትጌ አሠሩለት። የግድቡን ሁለቱንም ጎን ለአንድ ሜትር ቁመት ሁለት ሜትር ወደ ውጭ አስተኙት፤ አናቱ አንድ፣ ሥሩ ሰባት ሜትር ሆነ። ግድቡ ላይ የተከልኳትን አቮካዶ ግን አስነቀሉኝ። ሥሯ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል አሉ። ሁለት ዓመት ያሳደግኳት ናት፣ አዘንኩ፤ የተቆረጠውን ግድብ ካየሁ በኋላ ግን መከራከር አልቻልኩም።

ለአራት ሰው፣ በቀን 500 ብር፣ ስድስት ቀን፣ 12,000 ብር ከፈልኩ። ሲሚንቶው ለብቻው ነው። የመጀመሪያውን ሰው ርካሽ ብዬ ባልጠራው ኖሮ ይኼን ሁሉ አላወጣም ነበር።

አንድ ጉድለት አለባቸው። የትርፍ ውሃ መውጫውን አጥብበውታል። ሰኔ ላይ የጅማ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት ስወጣ ውሃው ከግድቡ አናት አንድ ስንዝር ቀርቶታል። የአፈር ግድብ ላዩ ላይ ውሃ ከሄደበት ማለቁ ነው። ደወልኩ፤ በማግስቱ ሁለቱ መጥተው ክንድ ያህል አሰፉት፣ ሣርም ተከሉበት፣ የጉልበት አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ የቱቦው ሥር ደረቅ ነው።

ከግንቦት በኋላ ሥራ አይቀበሉም፤ የራሰ አፈር ሲደቃ ይንሸራተታል እንጂ አይጠቀጠቅም። የምትፈልጉ ኅዳር ላይ አናግሯቸው።