ባለሦስት ሰሌዳው የጋዝ ሂተር ለአዲስ አበባ ብርድ ይሆናል?

መብራት በጠፋ ቁጥር የኤሌክትሪክ ሂተር ባዶ ብረት ሆኖ ስለሚቀር፣ ሲሊንደሩን በሆዱ ይዞ በጎማ የሚገፋው የጋዝ ሂተር ብዙ ሰው ያምረዋል። በልዩ ልዩ ስም ቢሸጥም ውስጡ ያው ነው፦ እያንዳንዳቸው 1.4 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሰጡ ሦስት የሴራሚክ ሰሌዳዎች፣ በድምሩ 4.2 ኪሎ ዋት። ሙቀቱ እንደ ፀሐይ ነው፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ወዲያው ያሞቃል፣ የክፍሉ አየር እስኪሞቅ አያስጠብቅም። አየር የሚገባበት ሰፊ ሳሎን ላለውና ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ለሚያበራ ሰው ደህና ዕቃ ነው። ለመኝታ ቤት፣ ለመታጠቢያ ቤትና ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ለሚያድርበት ቤት ግን አይገዛም።

ሦስቱም ሰሌዳ ሲነድ በሰዓት 300 ግራም ገደማ ጋዝ ይበላል። 12.5 ኪሎ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር 40 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በአንድ ሰሌዳ ብቻ ከሆነ 120 ሰዓት ይደርሳል።

ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር የከፍታውን ጉዳይ ነው። ፓይለቷ፣ ማለትም ሳትጠፋ የምትነደው ትንሿ ነበልባል፣ ማቀጣጠያ ብቻ አይደለችም፤ የክፍሉን አየርም ትጠብቃለች። ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነበልባሏ ከተርሞካፕሉ (በነበልባሏ ከሚሞቀው የሙቀት መለኪያ ዘንግ) ጫፍ ትሸሻለች፤ ጫፉ ይቀዘቅዛል፣ ቫልቩን ከፍቶ የያዘው ማግኔት ይለቃል፣ ጋዙ ይዘጋል። ችግሩ ይህ ልክ የወጣው ለቆላ አየር መሆኑ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ንጹሕ አየር ባለበት ክፍል እንኳ ፓይለቷ ተልፈስፍሳ ሂተሩ ደጋግሞ ሊጠፋ ይችላል። ከ2,130 ሜትር በላይ ሊጠፋ እንደሚችል በመመሪያቸው የሚጽፉ አምራቾች አሉ። ውርጭ የሚጥልባት ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም በላይ ናት፤ ሂተሩ ይበልጥ በሚፈለግበት ቦታ ይበልጥ ያስቸግራል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ይህን ለማስተካከል ሲሞከር ነው። ተርሞካፕሉን ጠምዝዞ ነበልባሉ ውስጥ መክተት ወይም ሴንሰሩን ዘሎ ሽቦ ማገናኘት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ሂተሩ አይጠፋም፤ ኦክስጅኑ ቢያልቅም አይጠፋም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የፊቱን ወንፊት አስነስታችሁ ፓይለቷን እዩ። የታጠፈ ተርሞካፕል ወይም የተቀጠለ ሽቦ ካለ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት። አዲስም ቢሆን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው 30 ደቂቃ አብርታችሁ እዩት፤ በሩ ተከፍቶ እያለ የሚጠፋ ሂተር ቤታችሁም ሲገባ አይሻለውም።

ሂተሩን ለሻጩ ከመመለሳችሁ በፊት ግን አቧራውን መርምሩ። የፓይለቷ አየር መሳቢያ ቀዳዳ ውስጥ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር ሲገባ ነበልባሉ ቢጫና ሰነፍ ይሆናል፣ ሂተሩም እንደዚያው ይጠፋል። በታመቀ አየር ይነፋል። መርፌ አይገባበትም፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ልኩ ተበላሸ ማለት ነው። ሲለኮስም ፓይለቷ ከያዘች በኋላ ቁልፉን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል፤ ቶሎ እየለቀቁ «ተበላሽቷል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እምቢ ካለ ጋዙን ዘግቶ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ጭስ ማውጫ ስለሌለው የነደደው ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። 1 ኪሎ ጋዝ 1.5 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት ያወጣል፤ ጠዋት መስኮቱ የሚያልበውና ጥጉ የሚሻግተው ለዚህ ነው። በአውሮፓ ደረጃ ለተሠሩት 4.2 ኪሎ ዋት ሂተሮች የሚጠየቀው 84 ሜትር ኩብ ክፍልና 105 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማይዘጋ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውም ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች መሆን አለበት። 4 በ4 ሜትር ሆኖ ጣሪያው 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል ግን 43 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ሰሌዳ ይበቃል። በር ሥር የሚነፍሰውን በጨርቅ የመወተፍ ልማድም ሂተሩ እየነደደ አይሆንም። መጋረጃ፣ ጋቢና ሶፋ ከፊቱ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ።

ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚገጠመው የግፊት መቀነሻ፣ 30 ሚሊባር ገደማ የሚሰጠው ይሁን፤ ለምግብ ቤት ትልቅ ምድጃ የሚሠራው ባለከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ነበልባሉን ከሰሌዳው ፊት ያስወጣዋል። ጋዙ የሚያልፍበት ጎማ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የጀርባውን ትኩስ ብረት እንዳይነካ፤ ሲታጠፍ ከተሰነጣጠቀ ዕድሜው አብቅቷል። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ጓርኒሲዮኑን (ጋዝ እንዳያፈስ የሚያትመውን ቀለበት) አይቶ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ መፈተሽ ነው፣ በክብሪት አይደለም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከሸተተ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ሲሊንደሩን ዘግቶ በሩን መክፈት ይቀድማል፣ መስኮት ብቻውን አይበቃም። ብርዱ ሲጠና ሲሊንደሩ ላይ ጤዛ ይዞ ነበልባሉ የሚደክመው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ነው። ሲሊንደሩን ማጋደም ፈሳሹን ጋዝ ወደ ሬጉሌተሩ ይልካል፤ አይሞከርም። ወደ አንድ ሰሌዳ መቀነስ ይሻላል።

ከሂተሩ ጋር የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አብሮ ካልተገዛ ሂተሩም ይቅር። ኦክስጅን ሲያንስ ከነበልባሉ የሚወጣው ይህ መርዛማ ጋዝ አይሸትም፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ «ምች መታኝ» ያሰኛል። ማንቂያው ጀርባ ላይ ኢኤን 50291 (EN 50291) የሚል የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር ይፈለግ፦ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50) ላይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ፣ 300 ፒፒኤም ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮሃል። የማንቂያው ቦታ ከሂተሩ ከ1 እስከ 3 ሜትር ርቆ፣ በተቀመጠ ሰው ራስ ትክክል ነው። የጋዝ ማፍሰስን የሚያስጠነቅቀው ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሰቀላል። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ያዋሃደ ሲቀርብላችሁ አትግዙ፤ የትም ብትሰቅሉት አንዱ ያለቦታው ይውላል።